ክትፎው፣ ቆጮውና ሐኪሙ

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ የሚወስዱት መንገዶች አገር ቤት በሚገባ የጉራጌ ልጅ ይጨናነቃሉ። የደረሰ ሰው ፊት የሚቀርበው ያው የታወቀው ማዕድ ነው፦ ጅማቱ እየተለቀመ የደቀቀ ቀይ ሥጋ በጣባ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ አይብና ጎመን፣ ስስ ሆኖ የተጋገረ ቆጮ። ይህ ማዕድ በዘመናዊ የሥነ ምግብ ሳይንስ ፊት ሦስት ጊዜ ተከሷል። ቆጮው ፕሮቲን የለውም ተባለ፣ ጥሬው ሥጋ ትል ያመጣል ተባለ፣ ቅቤው የልብ ሥር ይደፍናል ተባለ። ክሶቹ እኩል ክብደት የላቸውም።

ከቆጮው እንጀምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የዓለም ድሆች ዋና ችግር የፕሮቲን እጥረት ነው የሚለው ሐሳብ ገዢ ሆኖ ነበር። መነሻው ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ያየችው ሆድና እግር የሚያሳብጥ የሕፃናት በሽታ፣ ክዋሺዮርኮር ነው። የኛው ፋፋም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ በአዲስ አበባ የተዘጋጀው ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት ፕሮቲን እንዲጨምር ነበር። በዚህ ሚዛን የተመዘነ ቆጮ ወዲያው ይወድቃል፤ አብዛኛው ስታርች ነውና። «ሆድ መሙያ» የሚለው ስም የተለጠፈበትም ለዚሁ ነው።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 የፕሮቲን ፍላጎት ግምታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በቀጣዩ ዓመት ዶናልድ ማክላረን ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ዘመቻው ሁሉ ትልቅ ስህተት ነበር ብሎ ጻፈ። ልጁ ጠግቦ ከበላ ፕሮቲኑም አብሮ ይመጣል ነው ነገሩ። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ስንዴ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ ለሚበላ ሰው እንጂ ለእንሰት አገር እምብዛም አይሠራም። ቆጮን እስኪጠግብ የበላ ሕፃን ባቄላ፣ አይብ ወይም ወተት ካልታከለለት ፕሮቲኑ በእርግጥ ያንሰዋል። ዓለም የተወው ክስ እዚህ ግማሽ እውነቱን እንደያዘ ቀርቷል ማለት ነው።

ሌላው ግማሽ በላቦራቶሪ ሚዛን ላይ አይወጣም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጥያ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ትክል ድንጋዮቿ ትታወቃለች። ድንጋዮቹ ላይ ከጎራዴ ምስል ጋር የተቀረጸውን ቅርንጫፍ መሳይ ምልክት እንሰት ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁንም አይሁን ተክሉ በየጓሮው ቆሟል። አንድ እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ሴቶቹ ግንዱን በቀርከሃ ይፍቁታል፤ የተፋቀው በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ እዚያም ሲብላላ ወራት፣ ሲያስፈልግም ዓመታት ይቆያል። አንድ ክረምት ዝናብ ቢቀር ጓሮው አይራቆትም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የእንሰት አካባቢዎች ከእህል አገሮች በተሻለ የቆሙት በዚህ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ በእንሰት ላይ ይደገፋል ይባላል። በመቶ ግራም ስንት ፕሮቲን አለው የሚል ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም።

ከሁሉ ለየት ያለውን ነገር የጻፈው ግን ሐኪም አልነበረም። ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት እ.ኤ.አ. በ1966 መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ዊሊያም ሻክ፣ በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ጉድጓዱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰዉ በቁጥብነት እንደሚበላ፣ ረሃብን መፍራት ራሱ እንደሚያሳምም ይተርካል። ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ወንዶች አውሬ በሚሉት መንፈስ ሲያዙ መድኃኒቱ ሌሊት ተሰብስቦ በቅቤ የራሰ ቆጮ እስኪጠግቡ ማብላት ነበር። ጤና በምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ማን ስንት ደረሰው በሚለውም እንደሚወሰን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ስለ ጥሬው ሥጋ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ክሱ እውነት ነው። የኮሶ ትል እጭ በበሬው ሥጋ ውስጥ ከረጢት ይሠራል፤ ለብ ለብ ደግሞ ከረጢቱን ለመግደል በቂ ሙቀት የለውም። አያቶቻችን ይህን በየጊዜው ኮሶ እየጠጡ ያስተዳድሩት ነበር። የዛፉ አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አማካይነት አውሮፓ ደርሶ መድኃኒት ቤት ገብቷል። ሲበዛ ግን ዓይን እስከመጉዳት የሚደርስ መርዝነት አለው። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ በቀላሉ ይተኩታል።

ወደ ቅቤው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አሜሪካዊው አንሰል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረው የሰባት አገሮች ጥናት የረጋ ስብን ከልብ በሽታ ጋር አያያዘ፤ ከሰባቱ አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም። በ1972 አትኪንስ የተባለ ሐኪም ተነሥቶ ጠላቱ ስብ ሳይሆን ስታርችና ስኳር ነው አለ፤ የዛሬው «ኪቶ» የዚህ ትምህርት ታናሽ ወንድም ነው። በ2017 ደግሞ ከ18 አገሮች መረጃ የሰበሰበ ጥናት ካርቦሃይድሬት ያበዙት ሰዎች ሞት እንደሚበዛ ዘገበ። በሌላ በኩል የረጋ ስብን ለዓመታት መቀነስ የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ ከሙከራዎች የተሰበሰበው ማስረጃ ያሳያል። ለኪቶ ተከታይ ክትፎው መድኃኒት፣ ቆጮው መርዝ ነው፤ ለኪስ ተከታይ ተቃራኒው።

በኪስ ጥናት ውስጥ ለኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ጤናቸው ያስደነቀው የቀርጤስ ገበሬዎች ኦርቶዶክስ ነበሩ። በ2005 ሳሪና ካፋቶስ የተባሉ የግሪክ ተመራማሪዎች ምስጋናው የወይራ ዘይቱ ነው ወይስ የጾሙ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለጥያም ይሠራል። የሚጾም ክርስቲያን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋም ቅቤም አይቀምስም፤ ክትፎው የመስቀልና የሠርግ ነው። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት በየሳምንቱ የሚቀመጥ ነጋዴ ጥያ ካለው ዘመዱ ጋር አንድ ምግብ ይበላሉ ቢባልም፣ በዓመት ሲታሰብ ማዕዳቸው የተለያየ ነው። አብዛኛው የክትፎ ሙግት መልስ የሚያጣው ይህን ባለመለየት ይመስላል።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2022 ያወጣው የአመጋገብ መመሪያም የምግብ ዓይነት እንዲበራከትና ስብ እንዲመጠን ይመክራል። የስቡ ምንጭ ግን ተለውጧል። ቅቤ ተወደደ፤ ያመረተው ሰው ሳይቀር ገበያ አውጥቶ ይሸጠውና በምትኩ ከውጭ የገባ የፓልም ዘይት ይገዛል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የረጋ ስብ ነው። ቅቤው በበዓል ይበላ ነበር፤ ዘይቱ ግን በየቀኑ ወጥ ይሠራበታል፣ በጾምም ጭምር።