«አለ» እና «የለም» በተክለ ሃይማኖት ሰፈር፤ ስለ ምልክት፣ ስለ ማስረገጫና ስለ ንግግር ዓለም

ተክለ ሃይማኖት የሚለው ስም ለታሪክ ተማሪ በ1893 ዓ.ም. ያረፉትን የጎጃም ንጉሥ፣ ለምእመን ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱትን ጻድቅ፣ በመርካቶ ለሚነግድ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑንና በስሙ የተጠራውን ሰፈር ያመለክታል። ምልክቱ አንድ ነው፤ የሚያመለክተው ነገር ግን ተናጋሪውና ሰሚው በአሳባቸው በያዙት ዓለም ይወሰናል። የሎጂክ ሊቃውንት ይህን «የንግግር ዓለም» ይሉታል፤ ይኸውም ንግግሩ የሚመለከታቸው ነገሮች ጠቅላላ ስብስብ ነው። አሳቡን እንግሊዛዊው ኦገስተስ ደ ሞርጋን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1846 አቀረበው፤ ጆርጅ ቡልም በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ አጸናው።

ከስም ወደ ማስረገጫ፣ ማለት አንድን ነገር አስረግጦ ወደሚናገር ቃል፣ ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በሸማ ተራ አንድ ገዢ «ነጠላ አለ?» ብሎ ቢጠይቅና ነጋዴው «የለም» ቢለው፣ ነጠላ ከአገር ጠፋ ብሎ የሚረዳ ሰው የለም። «የለም» የሚለው ቃል በውስጡ የቦታም የጊዜም ወሰን አልያዘም፤ ወሰኑን የሚሰጠው ሁለቱ የቆሙበት ሱቅ ነው። ገዢው ጥቂት ተራምዶ ከጎረቤት ሱቅ ነጠላ ቢያገኝ፣ የፊተኛው ነጋዴ ዋሸ አይባልም።

ይህንኑ በንድፍ ማሳየት ይቻላል። አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባወጣው ሥርዓት፣ ባዶው ወረቀት ጸሐፊውና አንባቢው የተስማሙበትን የንግግር ዓለም ይወክላል። በወረቀቱ ላይ «ነጠላ አለ» ተብሎ ቢጻፍ ማስረገጫ ይሆናል፤ ጽሕፈቱ በቀለበት ቢከበብ «ነጠላ የለም» ማለት ነው፤ ቀለበቱ በሌላ ቀለበት ቢከበብ ነገሩ ተመልሶ «አለ» ይሆናል። ነገር ግን ወረቀቱ አንዱን ሱቅ ወይስ መላውን መርካቶ እንደሚወክል ካልታወቀ፣ ቀለበቱ እውነት ይሁን ሐሰት መፍረድ አይቻልም።

ጊዜም እንዲሁ ወረቀቱን ይለውጣል። «የከተማው ትልቅ ገበያ በአራዳ ነው» የሚለው ቃል ከጣሊያን ወረራ በፊት እውነት ነበር። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተብሎ ተጠራ። ስለዚህ «በአራዳ ነው» ያለ የቀድሞ ሰውና «በመርካቶ ነው» የሚል የኋላ ሰው እርስ በርሳቸው አይቃረኑም፤ የጻፉት በልዩ ልዩ ወረቀት ነውና።

የሕዝብን ኑሮ ለሚያጠና ሰው ይህ ትምህርት ከጨዋታ የሚቆጠር አይደለም። አንድ የሰፈር ሽማግሌ «እዚህ ሸማኔ የለም» ቢሉ፣ «እዚህ» ያሉት ተራቸውን፣ ዕድራቸውን ወይም መላ ሰፈሩን ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው ወሰኑን ሳይጠይቅ ቃሉን ብቻ ጽፎ ቢሄድ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው ወረቀቱን እስከ ሰፈሩ ዳርቻ ይዘረጋዋል፤ ከአንድ መንገድ ማዶ ተቀምጠው የሚሸምኑ ሰዎችም ከመዝገብ ይጠፋሉ። ሽማግሌው እውነት ተናግረዋል፤ መዝጋቢውም የሰማውን ጽፏል፤ ሐሰቱ የገባው ሳይጻፍ በቀረው ወሰን በኩል ነው። እንግዲህ «የለም» የሚል መልስ በተሰማ ጊዜ የት፣ መቼና በእነማን ዘንድ እንደ ሆነ ጠይቆ ከቃሉ ጎን መጻፍ ይገባል።