ፋክተሩ ይቅደም፣ ራጁ ይደርሳል

«መጀመሪያ ራጅ ይነሳ፣ ውጤቱ ይታይ፣ መድኃኒቱ ከዚያ ይሰጠዋል።» ለአብዛኛው ሕመምተኛ ይህ አሠራር ትክክል ነው። ሄሞፊሊያ፣ ማለትም ደም ቶሎ ያለመርጋት ሕመም፣ ላለበት ልጅ ግን ጉልበቱን ያሳጣዋል፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሕይወቱን። ስለ ደም መፍሰስ ሕመሞች ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ብዙ የተሳሳተ እምነት ሲነሳ ሰምቻለሁ። የዚህን ያህል ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ግን የለም።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። እናት የ7 ዓመት ልጇን አዝላ ድንገተኛ ክፍል ትደርሳለች። ከበረዶ ጋር የተቀመጠ የፋክተር (የጎደለውን የደም ማርጊያ የሚተካ መድኃኒት) ብልቃጥ በትንሽ ቦርሳ ይዛለች። «ሲስተር፣ ልጄ ሄሞፊሊያ አለበት፤ ጉልበቱ ውስጥ እየደማ ነው» ትላለች። ሲስተሯ ጉልበቱን ገልጣ ታያለች። አላበጠም፣ አልቀላም፣ ቁስል የለውም። «እናቴ፣ የሚታይ ነገር የለውም እኮ፤ ካርድ ያውጡና ተራዎን ይጠብቁ» ትላታለች። ካርድ ይወጣል፣ ሐኪም ያያል፣ ራጅ ይታዘዛል፣ ራጁ «አጥንቱ ደህና ነው» ይላል፣ ከዚያ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ሲመሽ ጉልበቱ አብጦ ልጁ እግሩን መዘርጋት ያቅተዋል። ያኔ ሁሉም ይሯሯጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ ገና መፍሰስ የጀመረን ደም አያሳይም። ልጁ ግን ከራጁ በፊት ያውቀዋል፤ እብጠቱ ከመታየቱ ቀድሞ መንዘር፣ ሙቀት፣ የመወጠር ስሜት ይሰማዋል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የደማ ልጅና ያሳደገችው እናት ይህን ምልክት ከማንም በላይ ይለዩታል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሦስተኛ እትም የሕክምና መመሪያም ያለው ይህንኑ ነው፤ ደም መፍሰስ ከተጠረጠረ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በ2 ሰዓት ውስጥ ፋክተር ይሰጥ፤ ምርመራ ይጠበቅ ብሎ ሕክምና አይዘግይ። ጥርጣሬ ካለ ይታከም ማለት ነው።

ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል ይቆጠራል? መገጣጠሚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም ዝም ብሎ ተመጥጦ አይጠፋም። በደሙ ውስጥ ያለው ብረት የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣዋል፤ የተቆጣው ሽፋን ይወፍራል፣ አዳዲስ ስስ የደም ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ደግሞ በቀላሉ ይደማሉ። በ6 ወር ውስጥ አንድ መገጣጠሚያ ያለ ምክንያት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከደማ ሐኪሞች «ዒላማ መገጣጠሚያ» ይሉታል፤ ያ ጉልበት የመድማት ልማድ ይዞታል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚበላው ልም አጥንቱ ነው። ልጁ ሳይጎረምስ ያነክሳል፤ ያነከሰው በበሽታው ብቻ ሳይሆን ወረፋ ላይ ባለፉት ሰዓታትም ጭምር ነው።

ይህን እምነት የያዙትን ባለሙያዎች እንደ ሰነፍ መቁጠር ግን ልክ አይደለም። ሁላችንም የተማርነው «መጀመሪያ ለይ፣ ከዚያ አክም» ተብለን ነው። ሌላም የሚጨበጥ ምክንያት አላቸው። ወደ አገራችን የሚገባው ፋክተር በአብዛኛው በፌዴሬሽኑ የሰብዓዊ እርዳታ መርሐ ግብር በልገሳ የሚመጣ ነው፤ ብልቃጡ ይቆጠራል፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ይታያል። ተረኛ ሐኪም «በከንቱ ብከፍተውስ?» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ሒሳቡ ግን ተገላብጧል። ቶሎ የተያዘ ደም ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት መጠን ይቆማል፤ ዘግይቶ የተያዘው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ፋክተር ይፈልጋል። ለቁጠባ የተያዘው ብልቃጥ ነው ብዙ ብልቃጥ የሚያስወጣው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ «ስፔሻሊስቱ ሳያዝ ፋክተር እንዳትነኩ» እያሉ ጀማሪዎችን የሚያስፈራሩት ነባሮቹ ናቸው። ስፔሻሊስቱ በስልክ ይጠየቅ፣ ግድ የለም። እስኪገኝ ድረስ ልጁ ይደማ ማለት ግን ከየትኛውም መመሪያ አልተቀዳም።

ጭንቅላት፣ አንገት፣ ደረትና ሆድ ሲሆን ነገሩ ከመገጣጠሚያም ይብሳል። ከባድ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ቢጫወትም፣ ባያስመልሰውም፣ ፋክተሩ ከሲቲ ስካኑ ይቀድማል። የመጀመሪያው ስካን ንጹሕ ሆኖ ደሙ በኋላ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስሌቱም ቀላል ነው። በሄሞፊሊያ ኤ የሚጎድለው ፋክተር 8 በኪሎ 1 ዩኒት ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በ2 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ በሄሞፊሊያ ቢ የሚጎድለው ፋክተር 9 ደግሞ በ1 በመቶ ገደማ። ለጭንቅላት ጉዳት የሚፈለገው ከ80 እስከ 100 በመቶ ስለሆነ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን የሄሞፊሊያ ኤ ሕፃን ወደ 1000 ዩኒት፣ የሄሞፊሊያ ቢው ወደ 2000 ዩኒት ያስፈልገዋል። ይህች ስሌት በድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቅ ጽሑፍ ብትለጠፍ ሌሊት ተረኛው ማንንም አይጠብቅም ነበር።

በሆድ በኩል ያለውን ወጥመድ ደግሞ ቀዶ ሐኪሞች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። ከዳሌ በላይ በጥልቀት ያለ አንድ ጡንቻ አለ፤ ኢሊዮሶአስ ይባላል። እሱ ሲደማ በታችኛው ሆድና በብሽሽት ላይ ሕመም ይመጣል፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ይራመዳል፣ ጭኑን አጥፎ ይተኛል፣ ዘርጋ ሲባል ይጮኻል። በቀኝ በኩል ከሆነ ማንም ሰው ትርፍ አንጀት ነው ይላል። ፋክተር ሳይሰጡ ቢላ ማንሳት ያለውን ደም በእጥፍ ማብዛት ነው። ያበጠ ጉልበትን መግል ነው ብሎ በመርፌ መቅዳት ወይም መብጣትም እንዲሁ።

ታዲያ ሲሰጥ የነበረው ሥልጠና የት ሄደ? ተሰጥቷል፤ አይካድም። የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ጋር ከተያያዘ ወዲህ የምስክር ወረቀት የሌለው ባለሙያ የለም። ችግሩ ማን እንደሚሠለጥንና ምን እንደሚማር ላይ ነው። አዳራሽ የሚቀመጡት የክፍል ኃላፊዎችና ሐኪሞች ናቸው። ልጁን መጀመሪያ የምታገኘው የትሪያጅ ነርስ፣ ሌሊት የምትገባው አዲስ ተረኛ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ አዋላጇ፣ ክትባት የምትሰጠው የጤና ጣቢያ ነርስ አይጠሩም። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ቀን የደም መርጋት ሰንሰለትን ሥዕል በማሳየት ያልቃል። ሰንሰለቱን በቃሉ ያነበነበ ሁሉ ብልቃጥ ሲሰጠው ዱቄቱን ከውኃው ጋር በእርጋታ በማሽከርከር ፋንታ ሲንጠው ይታያል። ሥልጠናው ብልቃጥ በማዘጋጀት፣ መጠን በማስላትና «ጉልበቴ ነዘረኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ ማን ምን ያደርጋል የሚለውን በመለማመድ ይሁን። በየዓመቱም ይደገም፤ በአንድ የሠራተኛ ዝውውር ክፍሉ ሙሉ በሙሉ አዲስ ሰው ሊሆን ይችላል። እናቶቹና ትልልቆቹ ሕሙማንም መምህር ሆነው ይቀመጡ።

ሌሎቹን የተሳሳቱ እምነቶች ባጭሩ ልጥቀሳቸው።

«ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ እንውጋው።» በአንድ መርፌ ሁለት ስሕተት። መድኃኒቱ ፕሌትሌት ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ጡንቻ ላይ መወጋቱ ደግሞ ራሱ ያደማል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌንም አይሰጡ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ክትባት ግን አይቅር፤ በቀጭን መርፌ፣ ከተቻለ ከቆዳ ሥር ይሰጥና ቦታው ለ10 ደቂቃ ያህል ይጫን።

«ትንሽ ከተቆረጠ ደሙ ፈስሶ ያልቃል።» አያልቅም። ደሙ ከሌላው ሰው በፍጥነት አይፈስም፤ የሚረዝመው ጊዜው ነው። የሚያስፈራው ከውጭ የማይታየው ነው።

«ከቤተሰቡ ማንም ስለሌለበት ሄሞፊሊያ አይሆንም።» ከሕሙማኑ ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት የቤተሰብ ታሪክ የላቸውም፤ የጂን ለውጡ በእነሱ ላይ አዲስ ነው። «የመርጋት ምርመራው ደህና ነው» መባሉም አይበቃም፤ ቀለል ያለ ሄሞፊሊያ ኤፒቲቲ የሚባለውን የመርጋት ጊዜ መለኪያ ሳያስረዝም ሊያልፍ ይችላል።

«ፋክተር ባይኖር ክራዮ እንስጠው።» ክራዮፕሪሲፒቴት ፋክተር 8 አለው፤ ፋክተር 9 ግን የለውም። ለሄሞፊሊያ ቢ ሕመምተኛ ፋክተሩ ከጠፋ የሚጠቅመው ፕላዝማ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

«ኤሚሲዙማብ የሚወስድ ሰው ከእንግዲህ አይደማም።» መድኃኒቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፣ መድማትን በጣም ይቀንሳል። የጀመረን ደም ግን አያቆምም፤ ለዚያ ፋክተር ያስፈልጋል። ኤፒቲቲንም ደህና አስመስሎ ስለሚያሳይ ላብራቶሪው ሳያውቅ ይሳሳታል። ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት ነው፤ ከዚያ በፊት የሠለጠነ ሰው ስለሱ የሚያውቀው የለም።

በሚደማ መገጣጠሚያ ላይ በረዶ ስለ ማድረግ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ሕመም እንደሚያስታግስ ይታወቃል፤ ቅዝቃዜ መርጋትን ያዘገያል የሚሉም አሉ። መመሪያው ለአጭር ጊዜ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይፈቅደዋል። እኔም ፋክተሩን እስካላዘገየ ድረስ አልቃወመውም።

የመጨረሻው «የወንዶች ብቻ በሽታ ነው» የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ከባዱ ሕመም ወንዶች ላይ ያመዝናል። ነገር ግን ጂኑን የተሸከመች ሴት የራሷ ፋክተር ዝቅ ሊል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህም መጠኑ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ «ተሸካሚ» ተብላ ሳትታለፍ ሕመምተኛ ተብላ እንድትመዘገብ ተወስኗል። ከዚያም በላይ በዘር ከሚተላለፉት የመድማት ሕመሞች ብዙ ሰው ላይ ያለው ቮን ቪለብራንድ ወንድ ሴት አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1926 ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ቪለብራንድ ሕመሙን የጻፈው በአንዲት የኦላንድ ደሴቶች ልጅ ተነሥቶ ነው፤ ልጅቷ በ13 ዓመቷ በአራተኛ የወር አበባዋ ደም ፈስሷት ሞተች። ወር አበባዬ በዛብኝ የምትል ልጅ «ተፈጥሮ ነው፣ ይለመዳል» ተብላ ከመመለሷ በፊት ከድድሽ፣ ከአፍንጫሽ ትደሚያለሽ ወይ፣ ጥርስ ስትነቀይ ምን ሆነ ተብላ ትጠየቅ።

አዋላጇም ከዚህ ውስጥ ድርሻ አላት። እናትየው ሄሞፊሊያ ያለበት ወንድም ወይም አጎት ካላት ሕፃኑ በቫክዩምና በፎርሴፕስ አይጎተት። ወንድ ከሆነ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ፋክተሩ ይለካ፤ ፋክተር 9 በአራስ ላይ በተፈጥሮም ዝቅተኛ ስለሆነ ቀለል ያለው ሄሞፊሊያ ቢ በ6 ወሩ አካባቢ እንደገና መታየት አለበት። የስምንተኛ ቀን ግርዛቱም ውጤቱ እስኪታወቅ ይቆይ፤ ይህንንም ለአያቶቹ ቀድማ የምትነግራቸው አዋላጇ ናት።