ሜታ ሲባል ቢራ ትዝ እንዳይላችሁ

ቡሌ ደጋ ናት፤ የእንሰትና የገብስ አገር። ቡናው ከታች፣ ከይርጋጨፌ በኩል ይመጣል፤ ብርዱ ግን ሰውን ሁሉ ምጣዱ ዙሪያ ይሰበስባል። የቤቱ እመቤት ስታምስ መጀመሪያ የሣር፣ ቀጥሎ የዳቦ ሽታ መጣ። ፍሬው ጠሽ ጠሽ ካለ በኋላ ደግሞ ያ ጭስ ጭስ የሚለው። ምጣዱን አዙራ ስታስሸትተኝ፣ «መምህር፣ ይቺ ሽታ ከየት ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«ከወንበር ነው፣ እትዬ» አልኳት። ሳቀች።

በመካከላችን ይቅርና፣ እኛ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ቶሎ የማናወጣት ነገር አለች። በቤንዚን ቀለበት ላይ (የመኪናውን አይደለም) የሚቀመጡትን ተተኪዎች «ሰጪ» እና «ነጣቂ» ብለን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ተማሪው ይሸመድዳል፦ ናይትሮ ነጣቂ፣ ሜቶክሲ ሰጪ። የሚቀመጡባቸው ወንበሮች ደግሞ ኦርቶ፣ ሜታና ፓራ ይባላሉ። ከዚያ ፈተና ላይ ሜቶክሲን ሜታ ላይ እናስቀምጥና ክፍሉ ሲረግፍ እናያለን።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ሃሜት በ1937 እ.ኤ.አ. ቤንዞይክ አሲድን ሚዛን አድርጎ ለእያንዳንዱ ተተኪ ቁጥር አወጣለት። ፕላስ ከሆነ ኤሌክትሮን ይስባል፣ ማይነስ ከሆነ ይገፋል። ፓራ ላይ ያለ ናይትሮ 0.78 ነው፤ አሲዱን 6 እጥፍ ያጠነክረዋል። ይኸው ቁጥር ፍጥነትንም ይተነብያል፦ ኢቲል ቤንዞኤት በአልካሊ ሲሰበር ያው ናይትሮ ሥራውን ወደ 100 እጥፍ ገደማ ያፋጥነዋል። ሜቶክሲ ግን ፓራ ላይ ማይነስ 0.27፣ ሜታ ላይ ፕላስ 0.12! ኦክስጅኑ በአንድ በኩል ይስባል፣ በሌላ በኩል ትርፍ ኤሌክትሮኑን ለቀለበቱ ያበድራል፤ ብድሩ የሚደርሰው ኦርቶና ፓራ ብቻ ነው። ሜታ የተቀመጠው መሳቡ ብቻ ይቀርለታል። ኦርቶንማ ሃሜት ራሱ ከሂሳቡ አስወጣው፤ ጎረቤት በጣም ሲጠጋ መገፋፋት አለ፣ ቁጥር አይገዛውም።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። ሲናሚክ አሲድ ከአሲድ ጭራው በቀር ቀለበቱ ባዶ ነው፤ የሚፈላው 300 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የቡና ምጣድ ብዙም አያስጨንቀውም። ቡና ውስጥ ያለው ፌሩሊክ አሲድ የእሱ ዘመድ ነው፣ ግን ፓራ ላይ ሃይድሮክሲል፣ ሜታ ላይ ሜቶክሲ አስቀምጧል። 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ያ የፓራው ሃይድሮክሲል ኤሌክትሮኑን በቀለበቱ አሳልፎ ወደ ጭራው ይገፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ቪኒል ጓያኮል ይቀራል፣ ሲብስበትም ጓያኮል። ጭስ ጭስ የሚለው እሱ ነው። ቀማሾች «አረረ» የሚሉት ከእሱ ሲበዛ ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ምጣዱን ቀድማ ከእሳቱ አወረደች። ልክ ነበረች።

ተማሪ ካላችሁ ግን፦ የዘንድሮው ፈተና ላይ ሜታ ሜቶክሲ አለ። ከእኔ እንዳልሰማችሁ።