መራራነት በምን ይለካል? ከአምበር ቢራ እስከ ይፋት ጠላ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማበርን በማቋረጥ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጋቢው ይወልቃል፤ ገብሱ በማሽላ፣ ባቄላው በማሾ ይተካል። ዓይን የማያየው ሌላም ለውጥ አለ። በደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲሆን በሸዋ ሮቢት ግን ወደ 96 ዲግሪ ከፍ ይላል። ይህች የአምስት ዲግሪ ልዩነት ለወጥ ሠሪ እምብዛም ላትታወቅ ትችላለች። ለቢራ ጠማቂ ግን ትልቅ ጉዳይ ናት፤ የቢራ መራራነት የሚወለደው ከሚፈላው ድስት ውስጥ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት መራራ መጠጦችን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመለከታለን። አንደኛው በአነስተኛ ጠማቂዎች እጅ የታወቀውና ሆፕስ የሚበዛበት አምበር ቢራ ነው። ሁለተኛው በይፋት ቆላ ከማሽላና ከጌሾ የሚጠመቀው ጠላ ነው። ለመጀመሪያው የተዘጋጀው የነጥብ መስጫ ሠሌዳ ለሁለተኛው ቢያገለግል ፍርዱ ትክክል ይሆናልን? ሆፕስ በአማርኛ «ጌሾ» ተብሎ ሲተረጎም ስለምናይ ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

ሃምሳ ነጥብ

አምበር ቢራ ስሙን ያገኘው ከጥንታዊ ዛፎች ሙጫ ከተፈጠረው ወርቃማ ቀይ ድንጋይ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከተቆላ ብቅል ነው። በሙቀት ኃይል አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች ሲዋሐዱ ሜላኖይዲን የተባሉ ቡናማ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ሜያር ነው፤ ለዳቦ ቅርፊት፣ ለተቆላ ቡናና ለእንኩሮ ቀለምም ምክንያቱ ይኸው ሂደት ነው። የአሜሪካ ጠማቂዎች በዚህ ካራሜል በሚመስል የብቅል ጣዕም ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 ለአምራቾች የተለቀቀውን ካስኬድ የተባለ የሆፕስ ዝርያ ጨመሩበት። ዝርያው የግሬፕፍሩት ልጣጭን የሚያስታውስ ጠረን አለው። በመሆኑም ጥሩ አምበር ቢራ የጣፋጩና የመራራው ትግል ያልተፈታበት መጠጥ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የተቋቋመው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቢራ 50 ነጥብ መድቧል። ከዚህ ውስጥ 12ቱ ለመዓዛ፣ 3ቱ ለመልክ፣ 20ው ለጣዕም፣ 5ቱ በአፍ ውስጥ ለሚሰማው ክብደትና ልስላሴ፣ የቀረው 10 ደግሞ ለአጠቃላይ ግምገማ የተሰጠ ነው። ከአሜሪካ አምበር ቢራ የሚጠበቀው የአልኮል መጠን ከ4.5 እስከ 6.2 በመቶ፣ መራራነቱም ከ25 እስከ 40 ዓለም አቀፍ የመራራነት አሃድ ነው። መልኩ ጠለል ያለ፣ አረፋውም ቶሎ የማይጠፋ ሊሆን ይገባል። ኮምጣጣነት በዚህ ቢራ ላይ ጉድለት ነው።

ለመልክ 3 ነጥብ ብቻ መመደቡን እንደግፋለን፤ ዓይን አታላይ ዳኛ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ አጠማመቅ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተቀልሞ ሲቀርብላቸው፣ ጠረኑን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚውሉ ቃላት ነበር። የአምበር ቀለም ያየ ቀማሽም ገና ሳይጎነጭ ካራሜል መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ ቀለሙን የሚደብቅ ጽዋ የቅምሻ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው።

ድስቱና ከፍታው

ሆፕስ በሳይንሳዊ ስሙ ሁሙሉስ ሉፑሉስ የተባለ ሐረግ ነው። ለጠመቃ የሚፈለገው የሴቴዋ ተክል አበባ ሲሆን፣ በውስጡ አልፋ አሲድ የሚባሉ ውሁዶች ይገኛሉ። አልፋ አሲዶች በውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም፤ በዚያው መልካቸውም እምብዛም አይመሩም። ሲፈሉ ግን የአቶሞቻቸው አቀማመጥ ተለውጦ አይሶ አልፋ አሲድ ይሆናሉ፤ የምናውቀው የቢራ መራራነትም ይኸው ነው። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ የሚገኝ 1 ሚሊግራም አይሶ አልፋ አሲድ በግምት ከአንድ የመራራነት አሃድ ጋር ይስተካከላል።

የዚህ ለውጥ ፍጥነት በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማሎዊኪና ሼልሃመር የተባሉ የኦሪጎን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የለውጡን የማነሣሻ ኃይል ለክተው በአንድ ሞል 98.6 ኪሎ ጁል ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። የአሬንየስን ቀመር የተማረ አንባቢ ቀሪውን ራሱ ሊያሰላው ይችላል። እኛ ስናሰላው በደብረ ብርሃን ክፍት ድስት ውስጥ የለውጡ ፍጥነት በሸዋ ሮቢት ካለው በሲሶ ገደማ ያንሳል፤ በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለሆነም ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ የአምበር ቢራ አሠራር በደጋችን እንዳለ ቢሞከር የሚገኘው ለስለስ ያለ ቢራ ነው። ፋብሪካ ይህን በድስቱ ውስጥ ግፊት በመጨመር ወይም ሆፕሱን በማብዛት ሊያካክሰው ይችላል። ነገር ግን አገራችን ሆፕስ የምታገኘው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ እያንዳንዱ ተጨማሪ ግራም ዋጋ አለው።

ታዲያ ለምን እዚሁ አይመረትም? ሆፕስ ረጅም የበጋ ቀን ይወዳል፤ በብዛት የሚመረተውም ከምድር ወገብ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ርቀው በሚገኙ አገሮች ነው። ሸዋ ሮቢት በ10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ረጅሙ ቀኗ 13 ሰዓት አይሞላም። በዚህ ዓይነት ቀን ሐረጉ በቂ ቁመት ሳይኖረው ወደ ማበብ ይቸኩላል። የደቡብ አፍሪካ አምራቾች በጆርጅ ከተማ አካባቢ በመጀመሪያ ቀኑን በኤሌክትሪክ መብራት እስከማራዘም ደርሰው ነበር፤ በኋላ አጭር ቀን የሚችሉ ዝርያዎችን አዳቅለዋል።

ጌሾ ሆፕስ አይደለም

ጌሾ፣ ራምነስ ፕሪኖይደስ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ከሆፕስ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ ነው፤ ሁለቱም ሮዛሌስ በሚባለው ሰፊ ምድብ ውስጥ ይገኙ እንጂ ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ብርሃኑ አበጋዝና ፀጋዬ ከበደ የተባሉ ኬሚስቶች በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የጌሾን ቅጠል መራራ ያደረገውን ውሁድ ለይተው ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል። ውሁዱ ግሉኮሳይድ ነው፤ ማለትም ከግሉኮስ ሞለኪውል ጋር የተሳሰረ ነው።

ይህ ትስስር ብዙ ነገር ይገልጣል። ጌሾይዲን መራራ ለመሆን እንደ አልፋ አሲድ በእሳት መለወጥ አያስፈልገውም፤ በቅጠሉ ውስጥ ሳለ መራራ ነው። የጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ጥንስስ ሲጥሉ የተወቀጠውን ጌሾ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ቀናት ይጠብቃሉ እንጂ ለሰዓታት አያፈሉትም። እንግዲህ የጌሾ መራራነት ለከፍታ ደንታ የለውም፣ የደብረ ብርሃንና የሸዋ ሮቢት ጥንስስ በዚህ ረገድ እኩል ናቸው ብለን ብንገምት ምክንያት አለን። ግምት መሆኑን ግን አንዘንጋ፤ መፈተኛውን ከታች እናቀርባለን።

የላቦራቶሪው መለኪያ እዚህ ላይ ይከዳናል። የመራራነት አሃድ የሚለካው ቢራውን አሲድ በማድረግ፣ መራራ ውሁዶቹን አይሶኦክቴን ወደተባለ ፈሳሽ በማውጣትና 275 ናኖሜትር ላይ የሚመጠጠውን ብርሃን በ50 በማባዛት ነው። አይሶኦክቴን ቅባት መሰል ፈሳሽ በመሆኑ ከስኳር ጋር የታሰረ ውሁድን በቀላሉ አይቀበልም። ጠላን በዚህ መንገድ የለካ ሰው ቁጥር ማግኘቱ አይቀርም፤ ቁጥሩ ግን ስለ ጌሾው የሚነግረው እምብዛም ነው። ለዚህ መጠጥ ምላስ ከስፔክትሮፎቶሜትር የተሻለ መሣሪያ ነው።

ጠላ በሠሌዳው ፊት

አሁን ጠላውን በ50 ነጥቡ ሠሌዳ ፊት እናቁመው። ጉሽ ከሆነ ከመልክ ነጥብ ይቀነስበታል። ጋኑ በወይራ የታጠነ ነውና ከመዓዛ ይቀነስበታል። ጎምጠጥ ስለሚል ከጣዕም ይቀነስበታል። እንዲህ ያለ ዳኛ ጠላን የሚፈርድበት መጥፎ አምበር ቢራ ሆነሃል ብሎ ነው። ነገር ግን ይኸው የዳኞች ፕሮግራም ለጀርመኑ የባምበርግ የጭስ ቢራና ለኮምጣጣው የበርሊን ቢራ የየራሳቸውን መስፈርት ጽፎላቸዋል። ጭሱና ኮምጣጣው በእነርሱ ላይ ሙያ፣ በእኛ ላይ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። የሚያስፈልገው የጠላን መስፈርት በራሱ ቃላት መጻፍ ነው።

ቃላቱ ደግሞ አሉን። አማርኛ መራራውን ከጎምዛዛው፣ ጉሹን ከጠለለው፣ ጥሩውን ጠላ ከቅራሪው ይለያል። አሠራሩም ቢሆን በኬሚስትሪ ሲታይ የታሰበበት ነው። የማሽላ ስታርች የሚፈታው ከገብስ ስታርች በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ባለ ሙቀት ሲሆን የማሽላ ብቅል ቤታ አሚሌስ የተባለው ኢንዛይም ያንሰዋል። ዱቄቱ ረጥቦ ምጣድ ላይ ሲታመስ፣ ማለትም እንኩሮ ሲሆን፣ ስታርቹ አስቀድሞ ይፈታል፤ ቀለሙም በዚያው ይገኛል።

በቆላ ጠላ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ነጥብ ሊያዝበት የሚገባው የኮምጣጣነቱ ዓይነት ነው። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በጠላ ውስጥ እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ አሴቶባክተር ገብቶ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋል። የመጀመሪያው ለዘብ ያለ፣ ጥም የሚቆርጥ ጎምጣጣነት ነው። ሁለተኛው የኮምጣጤ ነው። አሴቶባክተር አየር ይፈልጋል፤ የጋን አፍ በጭቃ የሚመረገው በከንቱ አይደለም። የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪን ማለፉ በተለመደበት በሸዋ ሮቢት ይህ ሁሉ ስለሚፈጥን፣ በደጋ ሰንብቶ የሚጠጣው ጠላ በቆላ ቶሎ ይከመጥጣል። ስለዚህ በእኛ ሠሌዳ ጠላው የተከፈተበትና የተቀመሰበት ሰዓት መጻፍ አለበት፤ ለአምበር ቢራ የተዘጋጀው ሠሌዳ ይህን አይጠይቅም።

ሦስት ጽዋ

ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ተማሪዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከይፋት ነዋሪዎችም ብዙዎቹ በእምነታቸው ምክንያት አልኮል አይቀምሱም። ለመራራነት ጥናት ግን አልኮል አያስፈልግም፣ የጌሾ ውኃ ይበቃል። እኩል የተመዘነ የደረቀ ጌሾ ቅጠል በሁለት ዕቃ ይደረግ። አንደኛው በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ሌላው በዚያው መጠን ውኃ ለአንድ ሰዓት ይፍላና የተነነው ውኃ ይተካለት። ሁለቱም ተጠልለው፣ በእኩል ሙቀት፣ ቀለም በማያሳይ ጽዋ ይቅረቡ።

ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ጽዋ ይሰጠዋል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው የተለየ ነው። ቀማሹ ጎንጨት አድርጎ ይተፋዋል፣ አፉን በውኃ ይጉመጠመጣል፣ ከዚያም የተለየውን ይጠቁማል። የጽዋዎቹ ቅደም ተከተል በዕጣ ይወሰን። አንድ ቀማሽ ብቻ መያዝ አይበቃም፤ አርተር ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳስተዋለው ለአንዱ እጅግ የሚመር ነገር ለሌላው ጣዕም አልባ ሊሆን ይችላል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከሦስት አንዴ ያገኘዋልና፣ ከ12 ቀማሾች ቢያንስ 8ቱ በትክክል ከለዩ ማፍላቱ ለውጥ አምጥቷል ማለት እንችላለን፤ ያን ጊዜ ከላይ ያቀረብነው ግምት ይወድቃል። ከ8 በታች ከሆኑ ልዩነት የለም ማለት አይደለም፤ በ12 ሰው አልታየም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት ሰዎችን ጨምሮ መቀጠል አይፈቀድም። 24 ቀማሾችን ይዞ ከአዲስ መጀመር ነው፤ የሚፈለገው ቁጥርም 13 ይሆናል።