ዱላው ይቅር፣ መጥረጊያው ይምጣ

ስለ ውሻና ስለ ዓይነ ምድር በእሑድ ገጽ ላይ መጻፍ ነውር ነው የሚሉን አንባቢዎች እንደሚኖሩ አስቀድመን እናውቃለን። ሰው ቁርሱን በልቶ ቡናው እስኪቀርብለት ድረስ ጋዜጣውን በሚገልጥበት ሰዓት ይህን የመሰለ ነገር ማንሣት ደስ አያሰኝም። ነገር ግን ነውር የተባለው ነገር በየግቢው ሲፈጸም እያዩ ፊትን ማዞር ነውሩን አያጠፋውም፤ ጉዳቱ ለሕፃናት የሚተርፍ ሲሆን ደግሞ ዝም ማለቱ ራሱ የባሰ ነውር ይሆናል። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀን ወደ ነገራችን እንገባለን።

እኛ በተከራየንበት ግቢ አራት ቤተሰብ ይኖራል። የግቢው ጠባቂ መቻል የሚባል ቡናማ ውሻ ነው። መቻል በዘብነቱ አይታማም፤ በሌሊት አንድ ኮቴ ከተሰማ ሠፈሩን ሁሉ ሳያነቃ አይተኛም። ሆኖም አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ይኸውም ሕፃናቱ በጓሮ በኩል የተጸዳዱበትን ቦታ እየፈለገ ዓይነ ምድራቸውን መብላት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ይህንኑ ሲያደርግ አየነው። ገና «ሂድ!» ከማለታችን እየሮጠ ሄዶ በደጃፍ የተቀመጠችውን የጎረቤታችንን የሁለት ዓመት ልጅ ፊቷን ከአገጯ እስከ ግንባሯ ላሳት። ልጅቱ ሳቀች፤ እናቷ ጮኸች፤ እኛም ዱላ አነሣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየነው ቁጥር መምታት ሥራችን ሆነ። ሳምንት ያህል ከቆየን በኋላ ግን የዱላውን ፍሬ ተመለከትን። መቻል መብላቱን አልተወም፤ የተማረው ነገር ጥላችንን ሲያይ ፈጥኖ መዋጥን፣ ወይም ከአጥሩ ሥር ተሸሽጎ መብላትን ነው። የግቢው ባለቤት የሆኑት እማማም ተስፋ ቆርጠው፣ «ልጄ፣ ውሻ ምንጊዜም ውሻ ነው፤ አይማርም። መኪና ያለው ሰው ለምነን ከከተማ ውጭ እንጥለው» አሉን። እኛም በእጃችን ዱላ ይዘን የምንመልሰው አጣን። ስለዚህ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነገሩን እንመርምር ብለን ጥቂት ቀን ለመንናቸው።

ከምርመራችን በመጀመሪያ የተረዳነው ይህ ልማድ ለውሻ እንደ እብደት የሚቈጠር አለመሆኑን ነው። እናት ውሻ ቡችሎቿን ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያህል ሆዳቸውንና መቀመጫቸውን እየላሰች ታጸዳዳቸዋለች፤ የወጣውንም ራሷ ትበላዋለች። ማደሪያዋ ንጹሕ ሆኖ የሚቈየው በዚህ ምክንያት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ክፍል ቤንጃሚን ሃርት የተባሉ የእንስሳት ጠባይ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አውጥተዋል። በሺህ የሚቈጠሩ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው፣ ከመቶ ውሾች 16 ያህሉ የውሻ ዓይነ ምድር ሲበሉ ስድስት ጊዜና ከዚያም በላይ መታየታቸውን ተረዱ። ከእነዚህም ከመቶው ከ90 የሚበልጡት የሚመርጡት ከወጣ ከሁለት ቀን ያላለፈውን ትኩሱን ነው። ሊቁ ለዚህ የሰጡት ግምት እንዲህ የሚል ነው፦ የውሻ አያት ተኵላ ነው፤ የሆድ ትል እንቁላል ደግሞ ወዲያው እንደ ወጣ ብዙውን ጊዜ አያስይዝም፤ በሽታ ለማስያዝ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ በዋሻው አጠገብ የወደቀውን በትኩስነቱ በልቶ ማጥፋት ለተኵላው መንጋ ጥቅም ነበረው ማለት ነው። እኛ ጋጠወጥነት ያልነው ነገር በተኵላ ዘመን የጽዳት ሥራ ሳይሆን አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ ዱላችንን ያሳፈረን የዚሁ ጥናት ሌላው ክፍል ነው። ውሻውን ከዚህ ልማድ ያስጥላል ተብሎ በገበያ የሚሸጥ 11 ዓይነት መድኃኒት ተጠይቆበት፣ ተሳካልን ያሉት ባለቤቶች ከመቶ ከሁለት አልበለጡም። ማባረሩና መገሠጹም ቢሆን እምብዛም የረባ ውጤት አልታየበትም። ታዲያ ከውሻው ጋር መታገል ይህን ያህል ከንቱ ከሆነ፣ የሚቀረው መንገድ የሚበላውን ነገር ከፊቱ ማንሣት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ረኃብና በሽታ ነው። በሆዱ ትል ያለበት ውሻ፣ ወይም ቆሽቱ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ በበቂ የማያመነጭ ውሻ፣ የበላው ስለማይዋሐደው ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ስለዚህ ልማዱ በድንገት የጀመረውን ወይም እየበላ የሚከሳውን ውሻ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል። የእኛን መቻል ያየው ሐኪም ግን በመጀመሪያ የጠየቀን፣ «ይህን ውሻ የሚያበላው ማን ነው?» ብሎ ነበር። ወደ ግቢ ተመልሰን ይህንኑ ጥያቄ ለአራቱም ቤት አቀረብን። አንደኛው ቤት ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሦስተኛው ያበላዋል ብሎ ያስብ ኖሯል። እኛም በበኩላችን እማማ ያበሉታል ብለን ነበር። የአራት ቤት ዘበኛ ለካ ጦሙን የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነው!

አሁን ደግሞ ወደ ሕፃኒቱ እንመለስ። ውሻ የሰውን ዓይነ ምድር ሲበላ በውስጡ ያለው የወስፋት እንቁላል በውሻው ሆድ ሳይሞት አልፎ በሌላ ቦታ ሊወድቅ ይችላል። አንድ ልጅ በጓሮ የጣለውን ውሻው እስከ ደጃፍ ድረስ ያጓጕዘዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ውሻ የራሱ ወስፋት አለው። የዚህ ትል እንቁላል በአፈር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከቈየ በኋላ በልጅ እጅ ወደ አፍ ከገባ፣ እጩ በጉበት፣ በሳምባ፣ አልፎ አልፎም በዓይን ውስጥ ይዞራል። እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በዕለቱ የተጠረገ ዓይነ ምድር ውሻውንም አያሳስትም፣ የዚህን ትል እንቁላልም ለበሽታ አያደርሰውም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን አጥሩን የቀደድነው እኛው ነን።

ጥረጋ ብቻውን የማያድንበት አንድ ነገርም አለ። በበዓል እርድ ጊዜ እባጭ የያዘ ሳምባና ጉበት ለውሻ መጣል በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ውሻው በዚያ እባጭ ውስጥ ያለውን ከበላ በአንጀቱ ጥቃቅን የኮሶ ዘመድ የሆኑ ትሎች ያፈራል፤ የእነርሱ እንቁላል ግን ቀን ሳይጠብቅ ገና እንደ ወጣ ሰውን ያስይዛል፣ በሰው ጉበትና ሳምባም ውሃ የቋጠረ እባጭ ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም ሐኪም በሚያዘው ጊዜ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት ማስወሰድ ያስፈልጋል።

የግቢያችን ሰዎች ተሰብስበን የወሰንነው አጭር ነው። የሕፃናቱን ዓይነ ምድር እናቶቹ ወዲያውኑ አንሥተው ሽንት ቤት ይጨምራሉ። የውሻውን በየቀኑ በተራ የምናነሣ ሆንን፤ ለዚህም አንድ አካፋና የአመድ ቆርቆሮ ከጓሮ ተቀመጠ። መቻል ጠዋትና ማታ በታወቀ ሰዓት ይበላል፤ ተራው የማን እንደ ሆነም በበሩ ላይ ተጽፏል። ከተጸዳዳ በኋላ በስሙ ጠርተነው ሲመጣ ቁራሽ እንሰጠዋለን፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ኋላው ከመዞር ይልቅ ወደ እጃችን መመልከትን ይለምዳል። ልጆቹም ከውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውንና ፊታቸውን በሳሙና ይታጠባሉ።

ልማዱን ፈጽሞ ተወ ብለን አንዋሽም። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አይተነዋል፤ ሁለቱም ጊዜ ተራው የደረሰው ሰው ሳያነሣ የቀረበት ቀን ነበር፤ አንደኛው ተረኛ ደግሞ እኛው ነበርን። እማማ ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ዛሬ የሚመታው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ አካፋውን አንሥተን ወደ ጓሮ ሄድን።

ከከተማ ውጭ የመጣሉ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ጥፋት ቀርቦላችሁ ፍርድ የምትሰጡ ወጣት አንባቢዎቻችንም፣ ዱላውን ከማንሣታችሁ በፊት የእኛን ሐኪም ጥያቄ ብታስታውሱ ደስ ይለናል።