ስለ ጋብቻ ምሥጢር፤ የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ ፭ ትርጓሜ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በምዕራፍ ፭፥ የባልንና የሚስትን ነገር ካስተማረ በኋላ፥ በቊጥር ፴፪ ጋብቻን ታላቅ ምሥጢር ብሎ ይጠራዋል። ምሥጢር ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በዓይን የሚታየው የሁለት ሰዎች መጋባት ነው፤ በእምነት የሚታወቀው ግን የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን አንድነት ነውና። አንድም፥ ሁለት የነበሩት አንድ ሥጋ መሆናቸው በሰው ውል ሳይሆን በእግዚአብሔር ሥራ የሚፈጸም ስለ ሆነ ነው።

አስቀድሞ ሚስቶች ለባሎቻቸው እንዲታዘዙ አዝዟል። ይህን ትእዛዝ የማያውቅ ባል የለም፤ የሚከተለውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የሚከተለው ምንድር ነው ቢሉ፥ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን በወደደበት ፍቅር እንዲወድ ነው። ክርስቶስስ እንደ ምን ወደዳት ቢሉ፥ ስለ እርሷ በመሞት ነው። እንግዲህ ከሚስት መታዘዝ ቢፈለግ፥ ከባል እስከ ሞት መድረስ ተፈለገ፤ የከበደውስ ሸክም የማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ሚስቱን የሚመታና የሚያዋርድ ባል ከዚህ ምዕራፍ አንድ ምስክር ስንኳ አያገኝም፤ ሐዋርያው እርሷን የገዛ ሥጋው አድርጎ ቈጥሮበታልና። ዮሐንስ አፈ ወርቅም ይህን መልእክት ሲተረጒም፥ የክርስቲያን ቤት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አስተምሯል።

ስለ ፍቺም ፈሪሳውያን ጌታን በጠየቁት ጊዜ (ማቴዎስ ምዕራፍ ፲፱) የሙሴን ፈቃድ አንሥተው ተከራከሩት። ጌታ ግን ከኦሪት ዘዳግም ወደ ኦሪት ዘፍጥረት መለሳቸው። ስለ ምን ቢሉ፥ ሙሴ የፈቀደው ስለ ልባቸው ድንዳኔ ነው፤ የጥንቱ ሥርዓት ግን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው። ከዝሙት ምክንያት በቀር መፍታት እንደማይገባ በነገራቸው ጊዜ፥ ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው ሳያገቡ መኖር እንደሚሻል ተናገሩ። የአገራችንም ሰው ቊርባንን የሚፈራው በዚሁ ድንጋጤ ነው።

ሐተታ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ድንግልናቸውን የጠበቁ በተክሊል ይጋባሉ፤ የቀሩት ያለ ተክሊል በቊርባን ይጋባሉ። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጋብቻ በአንቀጽ ፳፬ ይናገራል። ይሁን እንጂ በቀደመው ዘመን መኳንንቱም ባላገሩም አብዛኛው በሰማንያ ይጋባ ነበር፤ ባልተስማሙ ጊዜ በሽማግሌ ፊት ገንዘብ ተካፍሎ መለያየት ይቻላልና። ቊርባን ግን ፀጉር ከሸበተ፥ ፈቃደ ሥጋ ከደከመ በኋላ ይሁን ተብሎ ይቈይ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

የሚያዘገዩትም፥ ገና አልበቃንም፥ ሳንነጻ እንዴት እንቀርባለን ይላሉ። ትሕትና ይመስላል፤ የሐዋርያው ነገር ግን ይህን አይደግፍም። በቊጥር ፳፮ እንደሚያስረዳ፥ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የወሰዳት ነጽታ ስላገኛት አይደለም፤ ሊያነጻት ወሰዳት እንጂ። ስለዚህ ቊርባን የታማኝነት ዋጋ ብቻ ሳይሆን ለታማኝነት የሚሰጥ ኃይል ነው። ፈተና ካለፈ በኋላ የሚገቡት ቃል ኪዳን፥ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እንደሚታጠቁት ጋሻ ነው።

ታሪክ። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ በ፲፰፻፸፭ ዓ.ም. በፋሲካ፥ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ በቊርባን ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተው ነበር። ከዚህ ጋብቻ ልጅ አልተወለደም፤ ለንጉሥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ጌታ ከዚህ ባነሰ ምክንያት ሚስቱን ፈትቷል። እነርሱ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ፲፱፻፮ ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይፋቱ ኖሩ። ከዚህ የምንረዳው፥ የጋብቻ ፍሬ ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ አንድነቱ ራሱ ፍሬ ነውና።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ፲፱፻፺፪ ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል፤ የፍቺን ምክንያትና ውጤት ግን ለማንኛውም ዐይነት ጋብቻ አንድ አድርጎታል። እንግዲህ ቊርባንን የሚጠብቀው የዳኛ ፍርድ ሳይሆን የሁለቱ ሕሊናና እምነት ነው። ሰንሰለት ነው ብሎ የሚፈራው ሰው ይህን ያስተውል፤ በፍቅር ካልሆነ በቀር የሚያስረው የለም።

ካህናት ሆይ፥ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ እናንተን ይመለከታል። ዲያቆን ቅስና ሳይቀበል በሥርዓት ያገባል፤ ሚስቱ ብትሞትም ሌላ አግብቶ በክህነቱ አይኖርም። ከወጣትነታችሁ የተሸከማችሁትን ቀንበር ለንስሐ ልጆቻችሁ እንደማይቻል አድርጋችሁ አትንገሯቸው። ባለጠጋውን አፍራችሁ፥ እስኪያረጁ ይቈዩ አትበሉ፤ ድኻውንም በድግስ ወጪ አታስፈራሩ፤ ቊርባን ድግስ አይሻምና። በጉልበታቸው ወራት አስተምራችሁ አቅርቧቸው፤ ሞት እርጅናን አይጠብቅምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።