53 ቁጥር ቮልስ፦ ቀለም ብቻውን ዘመንን አይመልስም

ነጭ አካል፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመር፣ በሩ ላይ ደግሞ 53 ቁጥር። ይህን ያየ የፊልም ወዳጅ «ሄርቢ!» ማለቱ አይቀርም። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «ዘ ላቭ በግ» ፊልም ላይ የምትታየው ቮልስዋገን ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ብርቅ አይደለችምና ባለቤቷ አንድ ቀን የራሱን ሄርቢ ለመሥራት ቢያስብ አይፈረድበትም። ታዲያ ቀለም ተቀብተው ቁጥር የተለጠፈባቸው መኪኖች አንዳንዴ «የሆነ ነገር ይጎድላቸዋል» የሚያሰኙት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ የዘመን መደባለቅ ነው። ቮልስ እስከ 2003 ድረስ ስትመረት ቅርጿ ያልተለወጠ ይመስላል እንጂ ዝርዝሯ በየጊዜው ተለውጧል። ሄርቢ ደግሞ የ1963 ሞዴል ናት።

የመጀመሪያው ሥራ መነሻዋን መኪና መምረጥ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስኮቶቹ ሰፍተዋል። ይህ የአካሉ ብረት ለውጥ በመሆኑ በቀላሉ አይታረምም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራች መፈለግ ይበጃል።

ቀጥሎ የሚፈቱት ዕቃዎች ይመጣሉ። የ1963ቷ የፊት መብራት ወደ ኋላ ያዘነበለና በመስተዋት የተሸፈነ ነው። በ1968 ሞዴል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፓራውልቱም ተለወጠ። ደግነቱ ፓርፋንጎው በቡሎን የታሰረ ስለሆነ በቀድሞው ሊተካ ይችላል። ተከፋቹ ጣሪያም የጨርቅ ነበር፤ የብረቱ የመጣው በ1964 ሞዴል ነው።

ቀለሙ ብዙዎችን ያሳስታል። «ፐርል ኋይት» የሚለው ስም ዕንቁን ቢያስታውስም ቀለሙ ብልጭታ የሌለው፣ ከድፍን ነጭ ትንሽ የደበዘዘ ነው። የዛሬው አንጸባራቂ ነጭ መኪናዋን አዲስ ያስመስላታል። ጎማም ቢሆን ሰፊና ዝርግ ከሆነ ዘመኑን ያፈርሳል፤ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ ቀጭን 165 ጎማ ይስማማታል። ውስጧን ግራጫ መቀባትም አይዘንጋ፤ በፊልሙ ላይ እንዲያ የተደረገው የመብራት ነጸብራቅን ለመቀነስ ነበር።

ዓይን በማያየው ቦታ ግን ግትር መሆን አያስፈልግም። የቀድሞውን 6 ቮልት ወደ 12 መለወጥ፣ ፍሬኑን ማሻሻል፣ የደህንነት ቀበቶ መግጠም መልኳን አይጎዳም፤ ሕይወት ግን ያተርፋል።

በመጨረሻም አንድ ድንበር አለ። የፊልሙ «ኦኤፍፒ 857» ታርጋ ለኤግዚቢሽን እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የሻንሲ ቁጥርም አይነካም፤ ሊብሬው የሚለውና መኪናዋ ላይ የተመታው አንድ መሆን አለባቸው። በምትሸጥበት ቀንም ለገዢው «ሄርቢን ለማስታወስ የተሠራች ናት» ብሎ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው። ያንን የደበቀ ሰው መታሰቢያ ሳይሆን ሐሰተኛ መኪና ነው የሠራው።